ከተደፈነው መስኮት የፈለቀው ጠበል

ባለፈው ክረምት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ለልቅሶ ስንጓዝ ወረታ መገንጠያው ላይ መንገድ ተዘጋብን። ሩዝ የጫነ መኪና የኋላ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ መንገዱ ላይ ተጋድሟል፤ ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን ያስጮኻሉ፤ ሾፌሩና ረዳቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይከራከራሉ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት ሲያፍነኝ መስታወቱን ዝቅ አደረግሁት። ከቦዩ በኩል የራሰ ዋልካ አፈር ሽታ ገባ፤ ከሱ ጋር ደግሞ መረር ያለ፣ የማውቀው፣ ስሙ አፌ ላይ ያለ ሌላ ሽታ። ዞር ብዬ ባይ አንዲት ሴትዮ ደጃፏ ላይ ጎንበስ ብላ ጋን እያጠበች እጣቢውን ወደ ቦዩ ትደፋለች። የጌሾ እጣቢና የፎገራ ጭቃ! ሳቄ አመለጠኝ። መሪውን የያዘው የልጅ ልጄ በመስታወት አየኝና «እማማ፣ ልቅሶ እየሄድን እኮ ነው» አለኝ።

ልክ ነው፣ ልቅሶ እየሄድን ነበር። ግን ያን ሽታ አሽትቼ አለመሳቅ አልችልም። ከሴትዮዋ ደጃፍ አለፍ ብሎ፣ ዛሬ ሞባይል ጠጋኝ የተከራየው የድንጋይ ቤት፣ እኔ ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት ቤት ነው። ቆርቆሮው ተቀይሯል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ በረንዳው ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ግማሹን ሸፍኖታል። ማዕዘኑን አየሁት። ቀጥ ብሎ ቆሟል። «እሰይ» አልኩ፤ ለልጁም ያልነገርኩት ብጀምርለት ጎንደር እስክንገባ ስለማልጨርሰው ነው። እዚህ ልጻፈውና ሲመቸው ያንብበው።

ያኔ ወረታ ከዛሬዪቱ ወረታ አንዷን ሰፈር አታክልም ነበር። መንገዱ አስፋልት ያልነካው ፒስታ ስለነበር ከጎንደር የሚመጣ መኪና ከመድረሱ በፊት አቧራው ይደርሳል፤ ሻይ ቤቶቹም አቧራውን አይተው ማንቆርቆሪያ ይጥዱ ነበር። ዛሬ ፎገራ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሩዝ በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ሜዳው የጤፍና የኑግ፣ የሽምብራና የጓያ ነበር፤ የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ ደግሞ የከብት። በስሙኒ ዶሮ ገዝተው መልስ ይቀበላሉ፤ ጠላ አንድ ጣሳ በአምስት ሳንቲም ነው። እኔ ከሐሙሲት የመጣሁት በበቅሎ ሳይሆን በጭነት መኪና ጋቢና፣ በሾፌሩና በሚዜው መካከል ተቀምጬ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ዕድሜዬን ሙሉ ስኮራ ኖሬያለሁ። የለበስኩትን ነጭ ሽንሽን ቀሚስ በገዛ እጁ የሰፋልኝ ስማቸው የሚባለው ባለቤቴ ነው። ስማቸው ልብስ ሰፊ ነበር። የእግር ስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ለገበሬው ካኪ ቁምጣ፣ ለሹማምንቱ ተፈሪ ሱሪ፣ ለሴቱ የአቡጀዴ ቀሚስ ይሰፋል። ከማዶ ሻይ ቤት ራዲዮ የተከፈተ እንደሆነ እግሩ ከዘፈኑ ጋር ሲሄድ ስፌቱ ይፈጥናል፤ ዘፈኑ የትዝታ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው በዚያ ቀን ሱሪውን አያገኝም። መጀመሪያ ጎረምሳው ሁሉ «ከታች ጠበብ አድርግልኝ» ይል ነበር፤ ቆይቶ «ሰፋ አድርግልኝ» የሚል ዘመን መጣ። ስማቸው «ቆርጬ የጣልኩትን ከየት ላምጣላቸው?» እያለ ይስቅ ነበር። ነፍሱን ይማረው፣ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

ቤቱን ጣሊያን ለዕቃ ማስቀመጫ ሠራው ይባላል። የስማቸው አባት እንዴት እንዳገኙት ሲጠየቅ አንዱ ተሸልመው ነው ይላል፣ አንዱ ገዝተው ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ዝም ይላል። እኔ ስመጣ እሳቸው ሞተው ነበር፤ የቤቱ እመቤት አማቴ ወይዘሮ ይታክቱ ናቸው። የቅኔ መምህር ልጅ ስለነበሩ ንግግራቸው ሁሉ ዝም ብሎ አይወጣም፤ ጥርስ አለው። እኔ «እሜቴ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ዓለሜ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። መሬቱ ተዳፋት በመሆኑ ቤቱ በጓሮ በኩል ሲታይ ከሥሩ ጥሩ የድንጋይ ምድር ቤት አለው። እዚያ የእህል ጎታና የስማቸው ጣቃ ጨርቅ ይቀመጣሉ። በመንገዱ በኩል፣ መሠረቱ ላይ፣ አንዲት ዝቅተኛ ቅስት መስኮት ነበረችው። በኋላ መንገድ ሠራተኞች መጥተው መንገዱን ከፍ፣ ቦዩን ጠጋ ሲያደርጉት መስኮቷ ከቦዩ በታች ዋለች። የስማቸው አባት «እንግዲህ ምን ትሠራለች?» ብለው በድንጋይና በዋልካ ጭቃ ደፈኗት። ከውጭ አፈር ተመልሶባት ጠፋች፤ ከውስጥ ግን ቅስቷ ይታያል፤ የቤቱ ሰው «ዕውሯ መስኮት» ይላት ነበር።

ፎገራ የተወለደ ሰው በዋልካ አይታማም። ጎታው የሚሠራው በሱ ነው፤ ክረምት ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ጫማህን ይዞ እግርህን ብቻ ይለቅልሃል። ስለዚህ ቀዳዳ ካየን በዋልካ መድፈን ነው፤ ሌላ አገር ሰው ይህን የሚያደርግ አይመስለኝም። ግን ዋልካ ሁለት ጠባይ አለው። ክረምት ያበጠው በጋ ላይ ይሸበሸባል፤ በየካቲትና በመጋቢት ሜዳውን ያየ ሰው የበሬ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያያል። የእኛዋ መስኮት ድፍንም ከውጭ ማንም ሳያያት በየበጋው ስትሰነጠቅ፣ በየክረምቱ ስታብጥ ኖራ ኖራ፣ አንድ ዓመት ድንጋዮቹን ለቀቀቻቸው። ያን ዓመት ነው እንግዲህ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እኔ ላይ ቤት ሳለሁ እሜቴ ከምድር ቤት ተጣሩ፤ «ዓለሜ! ኧረ ነይ ውረጂልኝ! ሚካኤል ቤቴን ጎበኘልኝ!» ሮጬ ወረድኩ። ከዕውሯ መስኮት መሐል፣ ከሁለት ድንጋይ መገናኛ፣ ቀጭን ውሃ ኩልል እያለ ይወርዳል። እሜቴ ነጠላቸውን አደግድገው ውሃውን በእጃቸው እየተቀበሉ የሚያማቸውን ጉልበት ያሻሉ። በማግስቱ ያለ ምርኩዝ ተነሡ! ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዛሬም ቢሆን አልክድም። እሜቴ ምሥጢሩን የነገሩት ለአንዲት ሰው ብቻ ነው፤ እሷም አጥር የምትጋራን ጠላ ሻጯ ዝማም ናት። ለዝማም መንገር ማለት ገበያ መሐል ቆሞ ነጋሪት ማስጎሰም ማለት ነው። የገበያው ቀን ሲደርስ ደጃችን በሰው ተሞላ። ዝማም ራሷ ከሁሉ ቀድማ ጠርሙሷን ይዛ ትመጣና ወገቧን ታስቀባለች፤ «እንደው ደግሞ መዓዛው!» ትላለች። ጣራ ገዳም ለመሳለም የሄደ ሰው ሳይቀር ሲመለስ በእኛ ቤት በኩል ማለፍ ጀመረ።

እሜቴ ደስ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያ ቤት እንዲያ ሰው አይቶ አያውቅም። እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ማን ቤቱ ጠበል ቢፈልቅ ይጠላል? ነገር ግን በረንዳው ላይ ስማቸው የክር ማጠንጠኛ ሲያስቀምጥ ማጠንጠኛው ራሱ እየተንከባለለ ወደ መንገዱ ማዕዘን መሄድ ጀመረ። መልሶ ያስቀምጠዋል፣ መልሶ ይሄዳል። ከዚያ የመኝታ ቤታችን በር አልዘጋ አለ። ከዚያ ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ፀጉር የምታህል መሥመር ታየች፤ ሐምሌ ሲገባ ጣት አስገባች። አልጋችን ከዚያ ማዕዘን ሥር ነበር። ማታ ጋደም ስል ዓይኔ መሥመሯ ላይ ነው፤ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ሁሉ የቤቱ መውደቂያ ይመስለኛል። ያ ቤት ደግሞ ያለን ሁሉ ነው፤ መሬት የለን፣ ከብት የለን፤ የስፌት መኪናውም፣ ጨርቁም፣ እህሉም፣ እኛም እዚያው ውስጥ ነን።

ስማቸው ከደብረ ታቦር መንገድ ግንበኛ አመጣ፤ አያ ጓንጉል ይባላል፤ ብዙ ድልድይ ላይ የሠራ፣ ትልቅ እጅ ያለው፣ ድንጋይ ሲያይ ሰው ያየ ያህል ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ነው። ወርዶ አየ፤ ወጥቶ ቦዩን አየ፤ መዶሻውን ጆሮው አጠገብ ይዞ ግድግዳውን እየመታ አዳመጠ። «ውሃው ከድንጋዮቹ መሐል ጭቃውን እያጠበ ነው የሚወጣ። ድፍኑ ከሥር ጀምሮ ተነቅሎ እንደ ገና ካልተገነባ ይኸ ማዕዘን መስከረምን አያይም» አለ። እሜቴ ይህን ከደረጃው አናት ሆነው ሰሙት።

«ምን አልክ?»

«መስኮቷ ትዘጋ ነው እምል፣ እመይቴ።»

«ጠበል ላይ ድንጋይ የሚጭን እጁ ይድረቅ!»

አያ ጓንጉል መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። «እኔ እጄን እፈልጋታለሁ፤ ልጆች አሉኝ» አለና ሄደ። ስማቸው ሊለምን ተከተለው፤ የሰውየው እርምጃ ግን የሩጫ ያህል ነበር። እሜቴን ማን ይናገር? ስማቸው እናቱን አይናገር፤ እኔ ገና ሙሽራ ነኝ፤ በዚያ ዘመን ሙሽራ በአማቷ ፊት የምታሰማው ድምፅ ቢኖር የእንስራ ድምፅ ነው። እሜቴ እንዳሉት ሆነ፤ ሰዉ መምጣቱን፣ ውሃው መውረዱን፣ የክር ማጠንጠኛው መንከባለሉን ቀጠለ።

የሐምሌ ገብርኤል ካለፈ በኋላ ዝናቡ ጥቂት ቀን ፋታ ሰጠን። ውሃው ቀጠነ፣ ጠብ ጠብ ወደ ማለት ደረሰ። እኔም በልቤ «ሊቆም ነው» አልኩ። አንድ ጠዋት ግን ሰማዩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ጠብታ ሳይጥል፣ ውሃው እንደ ገና ኩልል ብሎ መጣ። የጎታውን እህል ላገላብጥ ወርጄ ነበርና ቀርቤ አየሁት፤ አረፋ አለው። እጄን ሰድጄ አሸተትኩት። ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁና በአጥሩ ቀዳዳ ስመለከት ዝማም ለገበያ የምትጠምቅባቸውን ጋኖች ደርድራ በጌሾ ቅጠል እያሸች ታጥባለች፤ እጣቢውን ዘወር ሳትል ከኋላዋ ወዳለው ቦይ ትደፋለች። ቦዩ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ማዕዘን ነው የሚመጣ። አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ሰው የተቀባው፣ በጠርሙስ የተሸከመው፣ ዝማም ራሷ «መዓዛው!» እያለች ወገቧን ያሸችበት፣ የዝናብ ውሃና የዝማም ጋን እጣቢ ነው።

ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው ግን ፍርሃት ዋጠው። ይህን ለማን ይናገሩታል? ለስማቸው ብነግረው ለእናቱ አፍ አውጥቶ አይነግራቸውም። ለእሜቴ ብነግራቸው ሙሽራ ጠበል አረከሰች ይባላል። ለዝማም ብነግራት ነጋሪቱ ይጎሰማል፤ ዝማም ቤት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ማሲንቆ ያነገበ አዝማሪ አይጠፋም። አዝማሪ አንዴ «በጌሾ የዳነች» ብሎ ከተቀበለዎት የልጅ ልጅዎ ሠርግ ላይም ይዘፈንብዎታል። እሜቴ ኩሩ ሴት ነበሩ፤ ያን ችለው የሚኖሩ አይመስለኝም። ቤቱን አድናለሁ ስል የቤቱን እመቤት ልገድላቸው ነው ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ መምሬ አምሳሉ ዘንድ ሄድኩ። የእሜቴ የነፍስ አባት ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ዓይናቸው የማያርፍ፣ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ከርመው አሁን የደብሩ ቄስ የሆኑ ሰው። ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ ላደርስ ነው ብዬ ወጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ቆመው አገኘኋቸው፤ መስቀላቸውን ተሳልሜ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ማዕዘኑን፣ እርግማኑን፣ ጋኖቹን። ሰምተው ጢማቸውን እያሻሹ ጠየቁኝ።

«ከአንቺ በቀር ያሸተተ አለ?»

«የለም፣ አባቴ። ጠርሙስ ሙሉ ወስደው የጠጡም አሉ።»

«ምንም አይላቸውም፤ የባሰ ጠጥተዋል» አሉና መስቀላቸውን ወደ ክንዳቸው መለሱ። «ሂጂ፣ ልጄ። አንቺ ምንም አልነገርሽኝም። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ሲመጡ ደጁ ጢም ብሎ ሞልቷል። የዚያን ጠዋት ደግሞ ሁለት ሴቶች በወረፋ ተጣልተው አንዷ የሌላዋን ጠርሙስ ሰብራለች። መምሬ ጃንጥላቸውን ለስማቸው ሰጡና ምድር ቤት ወረዱ፤ እኔ ኩራዝ ይዤ፣ እሜቴ ከኋላ። ውሃው አጠገብ ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው ሲነቃነቅ አየሁ፤ በሰንበቴ ስንት ዓመት ጠላ ያየ አፍንጫ ነው፣ ሊሳሳት አይችልም። ቀና ብለው እሜቴን አዩዋቸው፤ እሜቴም አዩዋቸው። ወጥተን በረንዳው ላይ ስንቆም ሕዝቡ ወደ መምሬ ተጠጋ።

«ዛሬ ጠዋት እዚህ ደጅ የተጣላችሁት እነማን ናችሁ?» አሉ መምሬ።

ሁለቱ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ሰዉ ዞሮ አፈጠጠባቸው።

«እንግዲህ ልጆቼ» አሉ መምሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ውሃው ከጠላ ምን ይደረጋል? ይዘጋ።»

ሕዝቡ በአንድ አፍ «እህህ!» አለ። ሰሙን ሰማ፤ ጠበሉ ጠብ ስላየ ጠላን፣ እንግዲህ በግድ አይያዝም አለ። የተጣሉት ሴቶች እያለቀሱ መምሬ እግር ሥር ወደቁ። ዝማም ደረቷን መታች፤ «እኛው ነን! ከእኛ የመጣ ነው!» እያለች፤ አለማወቋ እንጂ ከዚያ የበለጠ እውነት በዕለቱ የተናገረ አልነበረም። ወርቁን የሰማሁት እኔ ብቻ መሰለኝ። ውሃው ከጠላ ነው! አጠገቤ ያለውን የበረንዳ ቋሚ ጨብጬ ያዝኩ። እሜቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እያለቀሱ ነው ብዬ ዓይኔን ከእሳቸው ዞር አደረግሁ። ከዚያ ቀስ ብለው «ይሁን፣ አባቴ። አንቱ ካሉ ይዘጋ» አሉ። ኋላ መምሬን «ሕዝቡ ፊት እንዴት ደፈሩ?» ብላቸው «ሐሰት የተናገርኩት የቱ ላይ ነው?» ብለው መለሱልኝ።

አያ ጓንጉል ሲጠራ መጣ፤ ግን አልጀምርም አለ። ሁለት እጁን ዘርግቶ እሜቴ ፊት ቆመ። «እመይቴ፣ መጀመሪያ እርግማንዎን ያንሡልኝ።» እሜቴ እጆቹን በእጃቸው ይዘው «እንትፍ፣ እንትፍ! የነካኸው ይጽና፣ የገነባኸው አይፍረስ» ብለው መረቁት። ያኔ ነው ከረጢቱን የፈታው። ማዕዘኑን መጀመሪያ በወፍራም ባላ ደገፈው። ከውጭ በቦዩ በኩል እስከ መስኮቷ ደፍ ድረስ አስቆፈረ፤ የወጣው ዋልካ ከአካፋ አልላቀቅ እያለ ቆፋሪዎቹን አሰደባቸው። ከዚያ የድሮውን ድፍን ድንጋይ በድንጋይ ነቀለ። በድፍኑ መሐል ውሃው ያበጀው መንገድ ክንድ የሚያስገባ ሆኖ ሲገኝ ስማቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እኔ የተኛሁበት አልጋ ከዚያ ቀዳዳ በላይ ነበር።

መስኮቷ ሙሉ በሙሉ ተከፍታ ሳለች በጣራ ገዳም በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ያ ሰዓት መቼም አይረሳኝም። በዚያ ሁኔታ ዝናብ ከገባ ውሃው ምድር ቤቱን ይሞላዋል፣ የረጠበው መሠረት ባላውን ጥሎ ይሰምጣል። አንድ ሾፌር የጭነቱን ሸራ ፈትቶ ሰጠን። ለጠበል ይመጡ የነበሩት ሰዎች፣ በወረፋ የተጣሉት ሁለቱ ሴቶች ሳይቀሩ፣ ሸራውን በአራት በኩል ወጥረው ጉድጓዱ ላይ ቆሙ፤ ሌላው ቦዩን በአፈር ገድቦ አዞረው። ዝማም በቀሚሷ አፈር ትሸከማለች። ካፊያ ጣለ፣ ነፋሱ ሸራውን አርገበገበው፣ ከዚያ ደመናው ወደ ሐይቁ አለፈ። የሰዉ እልልታ ይኸው ዛሬም ይሰማኛል።

አያ ጓንጉል አዲሱን ግንብ በጥርብ ድንጋይ፣ ከጎንደር በመጣ ሲሚንቶና በርብ ወንዝ አሸዋ ሠራው። ዳር ዳሩን ከድሮው ግድግዳ ጋር እንደ ጥርስ አነካከሰው፤ ውጭውን ለሰነው። ጉድጓዱን ሲመልስ ስማቸው ልማድ ሆኖበት አካፋውን ወደ ዋልካው ክምር ሲሰድ አያ ጓንጉል እጁን ያዘው። «እሱ ይበቃዋል፤ ከግድግዳው አጠገብ ጠጠር ነው፣ ውሃው ሳይቆም ቁልቁል እንዲሄድ» አለ። ቦዩም ከማዕዘናችን ራቅ ተደርጎ ተቆፈረ። ዝማም ጋኗን ከዚያ ወዲያ በጓሮዋ በኩል ማጠብ ጀመረች፤ ለምን እንደሆነ አልነገርናትም፣ ስማቸው «ቦዩ እንዳይደፈን» አላት እንጂ።

ፍልሰታ ከገባ በኋላ አንድ ከሰዓት ያልተነገረለት ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚወረወር ይመስል ነበር፤ ከፎገራ ሜዳ ምንም አይታይም፣ መንገዱ ራሱ ወንዝ ሆነ። እኔ ኩራዜን ይዤ ምድር ቤት ስወርድ እሜቴ ቀድመውኝ ወርደው አዲሱ ግንብ አጠገብ ቆመዋል። እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገዋል። እኔም መዳፌን ለጠፍኩ። ደረቅ። ከታች ዳሰስኩ፣ ከላይ ዳሰስኩ። ደረቅ። ጎታው ላይ ተደገፍኩ፤ ያን ክረምት ሙሉ ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እሜቴ» አልኩ ሳላስበው። «ያን ቀን አለቀሱ።»

«ማን? እኔ?» አሉ። «ሳቄን ነው ያፈንኩት እንጂ! መምሬ እኮ ሰው ገደሉ።»

ኩራዙን ወደ ፊታቸው ቀና አደረግሁ። «ያውቁ ነበር?»

«ዕድሜዬን ጠላ ስጠምቅ የኖርኩ ሴት ጌሾ ሊጠፋኝ ነው? ከገብርኤል ማግስት ጀምሮ ሸቶኛል። ግን እንዴት ብዬ ልመለስ፣ ልጄ? ሰዉ ደጄን ሞልቶ፣ ግንበኛውን በእርግማን አባርሬ። እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አንቺ ስንዴውን ይዘሽ ወደ መምሬ ስትሄጂ በመስኮት አየሁሽና ‹እባክህ መንገዷን አቅናላት› ብዬ ተንበረከክሁ።» ግንቡን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት። «ጉልበቴን ምን እንደ ሻረው እሱ ያውቃል። ውሃውማ ከጠላ ነው፤ እኔ ግን ከጠላሁት ቆይቻለሁ!»

ያኔ ያዘን። እሳቸው ግድግዳውን ይዘው፣ እኔ እሳቸውን ይዤ፣ ኩራዙ እስኪጠፋ ሳቅን። አማትና ምራት እንዲያ ሲስቁ ያ ቤት ሰምቶ አያውቅም፤ ስማቸውም ጩኸት መስሎት ስፌቱን ጥሎ ከደረጃው አናት ተጣራ።

«ምን ሆናችሁ? ውሃ ገባ እንዴ?»

«አልገባም!» አልነው ሁለታችን፣ በአንድ ድምፅ።